ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

የሠርጉ ፎቶ አይከፈትም። የልጁ የመመረቂያ ጽሑፍም፣ የሱቁ የሒሳብ መዝገብም እንዲሁ። በየፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ ትናንት ያልነበሩ አራት የላቲን ፊደላት ተቀጥለዋል፤ በየፎልደሩ ደግሞ «ሪድሚ» የሚል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ተቀምጧል። ተከፍቶ ሲነበብ 980 ዶላር ይጠይቃል፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተገናኘ ግማሹን እንደሚቀንስም ይገልጻል። «ስቶፕ» ወይም «ዲጄቩ» በሚባለው የራንሰምዌር ቤተሰብ የተመታ የቤት ኮምፒውተር መልኩ ይህ ነው። ይህ ቤተሰብ የሚያነጣጥረው በግለሰብ ኮምፒውተሮች ላይ ሲሆን፣ በብዛት የሚገባው በክራክ ፕሮግራሞችና በዊንዶውስ አክቲቬተሮች ውስጥ ተደብቆ ነው።

በዚህ ጊዜ ባለቤቱ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንዱ ሰፈር ውስጥ ወዳለው ጥገና ቤት ሮጦ «ፎርማት አድርግልኝ» ይላል። ሌላው ሦስት አራት አንቲቫይረስ አውርዶ እየደራረበ ሌሊቱን ያነጋል። የመጀመሪያው ሊመለሱ ይችሉ የነበሩ ፋይሎችን በገዛ እጁ ያስጠፋል። ሁለተኛው ከማሽኑ ጋር ሲታገል ፓስወርዶቹ ሌባ እጅ ገብተው ያድራሉ። ሁለቱም የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ነው። በጽኑ የተጠቃን ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ ትክክለኛ መፍትሔ ነው፤ ተራው ግን አምስተኛ እንጂ አንደኛ አይደለም።

ከመጀመርዎ በፊት የሚያስፈልጉትን ያሰባስቡ። በማልዌሩ ያልተነካ ሁለተኛ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ በራሱ ዳታ የሚሠራ ስልክ ይበቃል። ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ የሚዋሱት ንጹሕ ኮምፒውተር፣ እያንዳንዳቸው 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሚይዙ ሁለት ባዶ ፍላሾች፣ ፋይሎችዎን የሚችል ውጫዊ ሃርድ ዲስክም ያዘጋጁ። የዊንዶውስ መጫኛው ብቻውን ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ወይም የሌሊት ጥቅል ቢያገኙ ወጪው ይቀልላል። አንድ ሙሉ ቀንም ይመድቡ።

1. ግንኙነቱን ይቁረጡ

ዋይፋዩን ያጥፉ፤ የኔትወርክ ኬብል ከሆነ ይንቀሉት። ኮምፒውተሩ ላይ የተሰካ ፍላሽ፣ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሚሞሪ ካርድ ካለ ያውጡ። የሚሰርቅ ማልዌር የሰረቀውን የሚልከው በኢንተርኔት ነው፤ መስመሩ ሲቋረጥ ገና ያልሄደው እዚያው ይቀራል። የሚቆልፍ ማልዌር ደግሞ ያገኘውን ዲስክ ሁሉ ይቆልፋል። ዲጄቩ በዊንዶውስ የተግባር መርሐ ግብር ውስጥ ራሱን አስመዝግቦ በየጥቂት ደቂቃው ይነሣል። ጠዋት ሥራውን የጨረሰ ቢመስልም ከሰዓት በኋላ የሚሰኩትን ፍላሽ ይቆልፈዋል። ብዙ ሰው የመጨረሻ ቅጂውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ «ባክአፕ አለኝ» ብሎ ከቁም ሣጥን ያወጣውን ሃርድ ዲስክ በቀጥታ የተጠቃው ማሽን ላይ ይሰካዋል።

ኮምፒውተሩ ይጥፋ ወይስ ይቆይ? የሚወስነው እየሆነ ያለው ነገር ነው። ፋይሎቹ ዓይንዎ እያየ ስማቸው የሚለወጥ ከሆነ፣ ወይም እርስዎ ያላዘዙት የዊንዶውስ ማሻሻያ መስኮት ተደቅኖ ዲስኩ ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ፣ የኃይል ቁልፉን ማሽኑ ጭልም እስኪል ድረስ ተጭነው ይያዙ። ዲጄቩ ፋይል በሚቆልፍበት ጊዜ ልክ እንዲህ ያለ የውሸት ማሻሻያ መስኮት ያሳያል፤ ባለቤቱ «ይጨርስ» ብሎ ሻይ ሲያፈላ ዓመታት የተሰበሰበው ሁሉ ይቆለፋል። የላፕቶፕ ክዳን መዝጋት ማጥፋት አይደለም፤ ማሽኑን ያስተኛዋል እንጂ። መቆለፉ ካበቃ ግን አይጣደፉ፤ ቀጣዩን ደረጃ ጨርሰው ያጥፉት።

በዚያው ዋይፋይ ላይ ሌላ ኮምፒውተር ካለ፣ በተለይ ፎልደር የሚጋሩ ከሆነ፣ እሱንም ለጊዜው ከመስመር ያውጡት።

2. ምን እንደገባ ይለዩ

በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። የማስፈራሪያው ጽሑፍ፣ በውስጡ ያለው የኢሜይል አድራሻና መለያ ቁጥር፣ የተለወጠው የፋይል ቅጥያ፣ አንቲቫይረሱ ያወጣው የማልዌር ስም፣ የወጣው የስሕተት መልእክት ሁሉ ይነሣ። በኋላ እርዳታ የሚሰጥዎ ሰውም ሆነ መሣሪያ የሚጠይቅዎ ይህንኑ ነው። የማስፈራሪያውን ፋይል አያጥፉ፤ አስቀያሚ ቢሆንም ማስረጃም የመፍቻ ፍንጭም ነው።

ከዚያ ምልክቱን ያንብቡ። ፋይሎች ተቆልፈው ገንዘብ ከተጠየቀ ራንሰምዌር ነው። ዓይነቱን ለማወቅ ከስልክዎ «ኖ ሞር ራንሰም» ወደሚባለው ድረ ገጽ ይግቡ። ዩሮፖልና የኔዘርላንድ ፖሊስ ከጸጥታ ኩባንያዎች ጋር ሆነው ያቋቋሙት ነፃ አገልግሎት ነው። ከማስፈራሪያው ላይ የቀዱትን የኢሜይል አድራሻ ሲጽፉለት የራንሰምዌሩን ስምና ነፃ መፍቻ መኖር አለመኖሩን ይነግርዎታል። «አይዲ ራንሰምዌር» የተባለው ሌላ ድረ ገጽም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከቶች ከመጡ፣ ይህ በየማተሚያ ቤቱና በየኮምፒውተር ማዕከሉ በፍላሽ የሚዞረው ትል ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። «ባዶ ሆነ» ብለው ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉ ተማሪዎች ያልጠፋውን ፋይል የሚያጠፉት ራሳቸው ናቸው። ሾርትከቱንም ደጋግመው አይጫኑት፤ እያንዳንዱ ጭነት ትሉን እንደገና ያስነሣዋል።

ከባዱ ዓይነት ፋይል በካዩ ነው። «ሳሊቲ» የሚባለው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በሁሉም ዲስክና ፍላሽ ላይ ያሉትን ዶት ኢኤክስኢ ፕሮግራሞች እየፈለገ ራሱን ይሰካባቸዋል፤ አንቲቫይረስ ያስቆማል፤ የታስክ ማናጀርን በር ይዘጋል፤ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ እንዳይነሣ ያደርጋል። አንቲቫይረሱ ሊከፈት ካልቻለ፣ ታስክ ማናጀር «አስተዳዳሪው ዘግቶታል» ካለ፣ የጸጥታ ኩባንያዎች ድረ ገጾች ብቻ ተመርጠው አልከፈት ካሉ፣ ጉዳዩ ከጽዳት አልፏል።

አራተኛው ዓይነት ምንም ምልክት ላያሳይ ይችላል። «ሉማ»፣ «ሬድላይን»፣ «ቪዳር» የሚባሉት ሌቦች ገብተው ብራውዘር ያስቀመጠውን ሁሉ በደቂቃዎች ጠርገው ይወጣሉ። ማይክሮሶፍት በሜይ 2025 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በሉማ የተያዙ ከ394,000 በላይ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች የተገኙት በሁለት ወር ውስጥ ብቻ ነው። ሌቦቹ ብዙውን ጊዜ ብቻቸውን አይመጡም፤ ዲጄቩም ፋይል ከመቆለፍ አልፎ የፓስወርድ ሌባ አስከትሎ የሚገባበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ያዩት ራንሰምዌር ብቻ ቢሆንም ፓስወርዶችዎ እንደተወሰዱ ቆጥረው ወደ ቀጣዩ ይለፉ።

3. አካውንቶችዎን በሌላ መሣሪያ ይቆልፉ

ይህን ደረጃ በተጠቃው ኮምፒውተር ላይ መሥራት አዲሱን ቁልፍ ለሌባው ማስረከብ ነው። በስልክ ወይም በተዋሱት ንጹሕ ኮምፒውተር ብቻ ይሥሩት።

ከኢሜይል ይጀምሩ። ሌሎቹ አካውንቶች «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባሉ መልሳቸውን የሚልኩት ወደ ኢሜይል ስለሆነ፣ ኢሜይሉን የያዘ ሁሉንም ይይዛል። ፓስወርዱን ይለውጡ፤ በሁለት ደረጃ ማረጋገጥን ያብሩ። ከዚያ ሦስት ቦታ ይመልከቱ፦ የመመለሻ ስልክ ቁጥሩ የእርስዎ መሆኑን፣ መልእክቶችዎን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ ትእዛዝ አለመኖሩን፣ ከባንክ የሚመጣን መልእክት የሚደብቅ ማጣሪያ አለመግባቱን። ብልጥ ሌባ ፓስወርድ ሳይነካ በእነዚህ ነው የሚቆየው።

ፓስወርድ መለወጥ ብቻ እንደማይበቃ ልብ ይበሉ። ሌባው የሚወስደው «ይህ ሰው አስቀድሞ ገብቷል» የሚለውን የብራውዘር ምልክት፣ ኩኪውን፣ ጭምር ነው። ይህን የያዘ ሰው ፓስወርድም የማረጋገጫ ኮድም አይጠየቅም። ስለዚህ በጂሜይልም፣ በፌስቡክም፣ በቲክቶክም አካውንቱ የተከፈተባቸውን መሣሪያዎች ዝርዝር ፈልገው ሁሉንም ያስወጡ።

ቴሌግራም የተለየ ትኩረት ይሻል። በኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም ከፍተው የሚጠቀሙ ከሆነ የመግቢያው መረጃ በአንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል፤ ሌቦቹ ፎልደሩን እንዳለ ቀድተው በሌላ ኮምፒውተር ላይ ያለ ምንም ኮድ ይከፍቱታል። በስልክዎ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» የሚለውን ከፍተው ሌሎቹን መግቢያዎች በሙሉ ያቋርጡ፤ ቀጥለው እዚህም በሁለት ደረጃ ማረጋገጥን አብርተው ሁለተኛ ፓስወርድ ያስገቡ። ሌባው ብዙውን ጊዜ የሚያደርገው በእርስዎ ስም ለዘመድ «ቸኩያለሁ፣ እስከ ማታ የሚመለስ ብር ላክልኝ» ብሎ መጻፍ ነው። ለቤተሰብዎና ለማኅበር አባላት በድምፅ ደውለው ያሳውቁ።

የባንክ ኢንተርኔት አገልግሎትን በዚያ ኮምፒውተር ተጠቅመው ከነበረ ለባንኩ ደውለው መግቢያውን ያሳግዱ። በስልክ የሚሠሩበት የባንክ መተግበሪያ በቀጥታ አይነካም፤ ሚስጥር ቁጥሩ ግን በኮምፒውተሩ ውስጥ በአንድ ማስታወሻ ላይ ተጽፎ ከነበረ ይለውጡት። አሜሪካ የሚኖሩ አንባቢዎች የግብር ወረቀትና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የያዘ ፋይል በማሽኑ ላይ ከነበረ፣ በክሬዲት መዝጋቢዎቹ በኢኩፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን ዘንድ ክሬዲታቸውን በነፃ ማሳገድ ይችላሉ። ሦስቱንም ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል።

4. ፋይሎቹን ያውጡ

እዚህ ጋ ጊዜ ይውሰዱ። ዊንዶውስን እንደገና መጫን ይቻላል፤ የሞተን አባት ድምፅ እንደገና መቅዳት አይቻልም።

ዋናው ሕግ በተጠቃው ዊንዶውስ ውስጥ ሆነው ምንም አለመገልበጥ ነው። በምትኩ በንጹሑ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ ሚንትን ወይም ኡቡንቱን (ሁለቱም በዊንዶውስ ፈንታ የሚነሡ ነፃ የሊኑክስ ሥርዓተ ክወናዎች ናቸው) ከራሱ ድረ ገጽ ያውርዱና «ሩፈስ» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንዱ ፍላሽ ላይ ይጫኑት። ፍላሹን የተጠቃው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ማሽኑን ሲያበሩ የቡት ምርጫ የሚያመጣውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ። እንደ አምራቹ ኤፍ 12፣ ኤፍ 9 ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ሲበራ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ የሚጽፍም አለ። ፍላሹን ሲመርጡ ሊኑክስ ምንም ሳይጭን ይነሣል። «ሞክር» የሚለውን ይምረጡ እንጂ «ጫን» የሚለውን አይንኩ፤ በስሕተት ከጫኑት ፋይሎችዎ ላይ ይጽፍባቸዋል።

በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ ተኝቷል፤ በውስጡ ያለው ማልዌርም መንቀሳቀስ አይችልም። ውጫዊ ሃርድ ዲስኩን መሰካት የሚቻለው አሁን ብቻ ነው። ሊኑክስ የዊንዶውስን «ደብቅ» ምልክት ስለማይከተል፣ በሾርትከት ትል የተሰወሩ ፎልደሮች እዚህ ተራ ፎልደር ሆነው ይታያሉ። የውስጥ ዲስኩን «ለማንበብ ብቻ» ብሎ ቢከፍትልዎ አይደናገጡ፤ ዊንዶውስ በደንብ ሳይጠፋ የተተወ ማለት ነው፤ ለመገልበጥ ማንበቡ ይበቃል። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን የመክፈቻ ቁጥሩን ይጠይቃል። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧልና በስልክዎ ገብተው ያውጡት።

የሚወጡት ፎቶ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ፣ ፒዲኤፍና የጽሑፍ ሰነድ ናቸው። ፕሮግራምና ማንኛውንም መጫኛ ይተዉ። ለዓመታት «ሶፍትዌር» በሚል ፎልደር ውስጥ ያጠራቀሟቸውን ክራኮች፣ ጌሞችና የአክቲቬተር ፋይሎችም እንዲሁ፤ ሳሊቲን የመሰለ በካይ ተደብቆ የሚሻገረው በእነዚህ ነው። «ራምኒት» የተባለው ዘመዱ ደግሞ ተራ የድረ ገጽ ፋይሎችን ሳይቀር ይበክላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያመነታል፤ «ኦፊሱን ዳግመኛ ከየት አመጣዋለሁ?» ይላል። መልሱ ስድስተኛው ደረጃ ላይ አለ።

የተቆለፉትን ፋይሎችም ከነማስፈራሪያው ጽሑፍ ለብቻቸው በአንድ ፎልደር ይገልብጡ። ስማቸውን አይለውጡ፤ ቅጥያውን መልሶ ማስተካከል የተቆለፈን ፋይል አይከፍትም። ዲጄቩን በተመለከተ ተስፋው በሁለት ነገር ላይ ይንጠለጠላል። ማልዌሩ ሲገባ ከወንጀለኞቹ ሰርቨር ጋር መገናኘት ከቻለ ለእርስዎ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ይቀበላል፤ መስመር ካጣ ግን ከራሱ ጋር ይዞት በመጣው፣ ለብዙ ተጠቂዎች አንድ በሆነው ቁልፍ ይሠራል። በማስፈራሪያው ላይ ያለው የግል መለያ በ«ቲ» ፊደልና በ«1» ቁጥር ካበቃ ምልክቱ የዚህኛው ነው፤ ደስ ይበልዎ። ኤምሲሶፍት የተባለው ኩባንያ በኦክቶበር 2019 እ.ኤ.አ. በነፃ የለቀቀው መፍቻ ለ148 የዲጄቩ ዓይነቶች የተዘጋጀ ነበር፤ ለአዳዲሶቹ የሚሠራው የጋራ ቁልፉ ከተገኘ ብቻ ነው። ዛሬ እምቢ ያለ ፋይል ቁልፉ የተገኘ ዕለት ሊከፈት ስለሚችል ዲስኩን አስቀምጠው በየጥቂት ወሩ ይሞክሩት።

ሁለተኛው ተስፋ ይበልጥ ጠቃሚ ሆኖ ሳለ እምብዛም አይታወቅም። ዲጄቩ ፍጥነት ለማግኘት ሲል ከእያንዳንዱ ፋይል የሚቆልፈው የመጀመሪያውን 150 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። ለአጭር ደብዳቤ ይህ ፋይሉ በሙሉ ነው። 2 ጊጋባይት ለሆነ የሠርግ ቪዲዮ ግን ከጠቅላላው ኢምንት ነው፤ የተበላሹ ቪዲዮና ድምፆችን የሚጠግኑ ነፃ መሣሪያዎች ቀሪውን ሊመልሱ ይችላሉ። ለሙከራ ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ይሥሩ እንጂ ዋናውን አይንኩ።

ገንዘብ መክፈልስ? አይክፈሉ። የ72 ሰዓቱ ቀነ ገደብ የተቀመጠው ሳያማክሩ እንዲወስኑ ነው። የከፈለ ሰው መፍቻ ለማግኘቱ ዋስትና የለውም፤ የከፈለው ገንዘብም ቀጣዩን ጥቃት ይደጉማል። ከዚህ የማይተናነሰው ሌላው አደጋ «የተቆለፈ ፋይል እፈታለሁ፤ ቀብድ ላክ» የሚለው ነው። ለእርስዎ ብቻ የተሠራ ቁልፍ ያለው ወንጀለኛው ዘንድ ብቻ ነው። እንዲህ የሚል ሰው ወይ ዋሽቷል ወይ ከወንጀለኛው ጋር ሊደራደርልዎ ነው። ከዚያ ይልቅ ያነሧቸውን ፎቶዎች ይዘው ለፖሊስ ያመልክቱ፤ በኢትዮጵያ ድርጊቱ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ነው።

ደረጃው የሚያበቃው ውጫዊው ዲስክ ተነቅሎ ከወጡት ፋይሎች አሥር ያህሉ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በትክክል ሲከፈቱ ነው። ያንን ኮምፒውተር ላለመበከል ከመክፈትዎ በፊት ዲስኩን በአንቲቫይረስ ያስፈትሹ።

5. አሁን ይጥረጉት

ማጽዳት የሚበቃው መቼ ነው? ማስታወቂያ ብቻ የሚያፈስ ኤክስቴንሽን ወይም የሾርትከት ትል ከሆነ፣ የዊንዶውስ ዲፌንደር «ኦፍላይን» ፍተሻ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ከዊንዶውስ ውጭ ሆኖ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈትሻል። ፋይል ከተቆለፈ፣ ፓስወርድ ከተሰረቀ፣ አንቲቫይረስ ከተሸነፈ ወይም የጸዳው ማልዌር ማግስቱን ከተመለሰ ግን ማጽዳት ጊዜ ማባከን ነው። አንቲቫይረሱ «12 ቫይረስ አጠፋሁ» ሲል አሥራ ሦስተኛው ስለመኖሩ ምንም አይናገርም።

የዊንዶውስ መጫኛውን በንጹሑ ኮምፒውተር ላይ፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ብቻ፣ በሁለተኛው ፍላሽ ያዘጋጁ። ውጫዊ ዲስኩ መነቀሉን ደግመው ያረጋግጡ። ከፍላሹ ቡት አድርገው የፓርቲሽኖቹ ዝርዝር ጋ ሲደርሱ በውስጥ ዲስኩ ላይ ያሉትን ሁሉንም አጥፍተው በባዶው ቦታ ላይ ይጫኑ።

«ሁሉንም» የሚለው ቃል በጣም አስፈላጊ ነው። በየጥገና ቤቱ የተለመደው «ሲ» የተባለውን ፓርቲሽን ብቻ ፎርማት አድርጎ «ዲ» የተባለውን እንዳለ መተው ነው፤ የባለቤቱ ፋይል ዲ ላይ ስለሚቀመጥ አሠራሩ አሳቢ ይመስላል። ይሁንና በካዩ ዲ ላይ ባሉት መጫኛዎች ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አዲሱ ዊንዶውስ ተጭኖ ባለቤቱ የለመደውን ፕሮግራም ከዲ ላይ ሲከፍት በዚያው ሰዓት ተመልሶ ይገባል። «ፎርማት አስደርጌ በሳምንቱ ተመለሰ» የሚባለው ሁሉ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሥራውን ለባለሙያ የሚሰጡ ከሆነ ሦስት ነገር በግልጽ ይንገሩት፦ «ፋይሌን አውጥቻለሁ፣ ሲንም ዲንም አጥፋልኝ። በዚህ በራሴ ፍላሽ ጫንልኝ። አክቲቬተርና ክራክ አታስገባብኝ።» የመጨረሻው ብዙ ሊያከራክር ይችላል፤ ይጽኑበት። አክቲቬተሩ እንዲሠራ መጀመሪያ ዲፌንደር ይጠፋል፣ ከዚያ ያልታወቀ ፕሮግራም በሙሉ ሥልጣን ይገባል። አዲሱ ዊንዶውስ ገና ሳይነሣ በሩ ተከፈተ ማለት ነው።

6. ከተጫነ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት

ሲጭን ቁልፍ ቢጠይቅ «የለኝም» የሚለውን ይምረጡ። ኮምፒውተሩ ሕጋዊ ዊንዶውስ ይዞ የተገዛ ከሆነ ያው ዕትም እንደተጫነና ኢንተርኔት እንዳገኘ ፈቃዱን ራሱ ያውቀዋል። ፈቃድ ከሌለውም አክቲቬት ያልተደረገ ዊንዶውስ ይሠራል። በስክሪኑ ጥግ ላይ ማሳሰቢያ ይጽፋል፣ የጀርባ ሥዕል መቀየርን ይከለክላል፤ ዲፌንደርና የጸጥታ ማሻሻያው ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከክራኩ ይልቅ ማሳሰቢያውን መታገሥ እጅግ ይሻላል። በኦፊስ ምትክ ነፃውን ሊብሬኦፊስ ይጫኑ፤ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል። ዊንዶውስ 11ን የማይችል አሮጌ ማሽን ያላቸው ሰዎች ደግሞ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ማብቃቱን አስበው፣ ፋይል ያወጡበትን ሊኑክስ ሚንት እንደ ቋሚ ምርጫ ሊያዩት ይገባል። ለድር፣ ለጽሑፍና ለቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው።

ከሁሉም በፊት የዊንዶውስ ማሻሻያውን እስኪጨርስ ያስኬዱ። ቀጥሎ ለዕለት ሥራ የሚሆን ሥልጣኑ የተገደበ ሁለተኛ አካውንት ይክፈቱ፤ ልጆች የሚጫወቱትም በዚሁ ይሁን። የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ «ፎቶ» ተብሎ የመጣ ፋይል መጨረሻው ኢኤክስኢ ከሆነ የሚጋለጠው ያኔ ነው። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ከፋብሪካ እንደመጣ ከሆነም ይለውጡት።

ውጫዊ ዲስኩን አሁን ይስኩ፤ ምንም ሳይከፍቱ ያስፈትሹ፤ ከዚያ ፋይሎቹን ይመልሱ። ዲስኩ ላይ ያለው ግን ይቆይ፤ ይህ የመጀመሪያው ባክአፕዎ ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ተሰክቶ፣ ተገልብጦበት፣ ወዲያው ይነቀል። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚውል ባክአፕ ከራንሰምዌር አያድንም። በጣም የሚሳሱላቸውን ደግሞ ከቤት ውጭ ያኑሩ፤ ጉግል ድራይቭ እስከ 15 ጊጋባይት በነፃ ይይዛል። በቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥ ማስቀመጥ የለመዱ ብዙዎች ናቸው፤ ከምንም ይሻላል፣ አካውንቱ የተሰረቀ ዕለት ግን አብሮ ይሄዳል።

7. ተመልሶ ከመጣ

በሙሉ በተጠረገና ከማይክሮሶፍት በወረደ መጫኛ በተነሣ ኮምፒውተር ላይ ያው ምልክት እንደገና ከታየ፣ ከውጭ የገባበትን መንገድ ይፈልጉ። አንደኛ ተጠርጣሪ ፍላሽ ነው፤ በቤት ውስጥ ያሉትን ሁሉ፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ፍላሽ ጨምሮ፣ በሊኑክሱ ፍላሽ ተነሥተው ይመርምሩ፤ ያልታወቁ ኢኤክስኢና ሾርትከት ፋይሎችንም ያጥፉ። ማተሚያ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ሰነዱን በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ቢልኩ ፍላሹ ከቤት መውጣቱ ይቀራል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ክሮም ነው። በጉግል አካውንትዎ ሲገቡ ሲንክ የድሮ ኤክስቴንሽኖችን ሁሉ ይመልሳል፤ ማስታወቂያ የሚያፈሰው ወይም ፍለጋዎን ወደማያውቁት ገጽ የሚወስደው ከነሱ አንዱ ከሆነ ዊንዶውስን አሥር ጊዜ ቢጭኑም አብሮ ይመጣል። የኤክስቴንሽን ዝርዝሩን ከፍተው እርስዎ አውቀው ያልጫኑትን ያውጡ፣ የማሳወቂያ ፈቃድ ያገኙ እንግዳ ድረ ገጾችን ይሰርዙ፣ በብራውዘሩ የተቀመጡ የድሮ ፓስወርዶችንም ያጥፉ። ለሚቀጥሉት ጥቂት ሳምንታት የኢሜይልዎንና የቴሌግራምዎን የመሣሪያ ዝርዝር በየጊዜው ይክፈቱ። የማያውቁት ስም ካዩ መግቢያውን አቋርጠው ከሦስተኛው ደረጃ እንደገና ይጀምሩ።